ከውስጥ ወደ ውጭ፦ የውርወራ ጥበቃ ደንብ ለመስመር ተጫዋቾች እንዴት ይሰጣል?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 የፊላዴልፊያ ኢግልስ ክለብ በተጫዋቾች ምርጫው ሰባተኛ ዙር፣ በ233ኛ ተራ፣ አንድም የአሜሪካን ፉትቦል ግጥሚያ ተጫውቶ የማያውቅ ወጣት ወሰደ። ጆርዳን ማይላታ በሲድኒ ያደገ፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር የሚያልፍ፣ በሳውዝ ሲድኒ ራቢቶስ የወጣቶች ቡድን ራግቢ ሊግ ይጫወት የነበረ ግዙፍ ልጅ ነው። በለመደው ጨዋታ ሥራው ኳስ ይዞ ወደ ፊት መሮጥ ነበር፤ ኳስ ያልያዘን ተጋጣሚ መንገድ መዝጋት እዚያ ጥፋት ነው። ፊላዴልፊያ የሰጠው ሥራ የዚህ ግልባጭ ሆነ፦ ኳስ ሳይነካ፣ ወደ ኋላ እየተራመደ፣ መንገድ መዝጋት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የውድድር ዘመናት ሳይሰለፍ አሳለፈ። በ2020 ግራ ታክል ሆኖ ገባ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ኢግልስ ካንሳስ ሲቲ ቺፍስን 40 ለ 22 አሸንፎ የሱፐር ቦውል ዋንጫ ሲያነሳ የግራውን ጠርዝ የያዘው እሱ ነበር።

በወቅቱ የኢግልስ የመስመር አሰልጣኝ የነበረው ጄፍ ስታውትላንድ ለዚህ ልጅ ያስተማረው ነገር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ለዓይን ይታያል፦ የእግር አጣጣል፣ የወገብ አያያዝ፣ የእጅ አሰነዛዘር። ሁለተኛው ከሜዳው ዳር ለቆመ ተመልካች አይታይም፤ ማን ማንን እንደሚጠብቅ የሚወስነው ደንብ ነው። በብዙ የልምምድ ሜዳ አንደኛው ወራት ይፈጅና ሁለተኛው ለሰሌዳ ይተዋል። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብሎ መሟገት ይቻላል። ተጫዋቹ እርዳታ ከየት እንደሚመጣለት ካላወቀ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ሊያውቅ አይችልም።

የችግሩ መነሻ ቀላል ሒሳብ ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ከአጥቂው ወገን አምስቱ፣ መሐል ላይ ያለው ሴንተር፣ በግራና በቀኙ ያሉት ጋርዶችና ዳር ላይ ያሉት ታክሎች፣ ኳርተርባኩ ኳሱን እስኪወረውር ድረስ ፊቱን ያጥራሉ። ራኒንግ ባኩ ሲጨመር ስድስት ይሆናሉ። ተከላካዩ ግን ስንት ሰው እንደሚልክና ከየት እንደሚልክ አስቀድሞ አይናገርም። አራት ሊልክ ይችላል፤ ሰባትም ሊልክ ይችላል። ሰባት ከመጡ ስድስቱ የቱንም ያህል ቢጎብዙ አንድ ሰው ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ ማንኛውም የጥበቃ ደንብ አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ የትኛው ሰው በኳርተርባኩ ሒሳብ እንደሚያዝ ነው። ያ ሰው ሲመጣ ኳርተርባኩ ራሱ ኳሱን ቶሎ ወርውሮ ይገላገላል። ይህን ለመስመር ተጫዋቾች በግልጽ መንገር ትልቅ እፎይታ ነው፤ ያልተነገረው ተጫዋች የእሱ ያልሆነውን ሰው ልያዝ ሲል የራሱን ይለቃል።

የሊጉ ሕግም ትምህርቱን ለውጦታል። እስከ 1978 ድረስ በብሔራዊ ፉትቦል ሊግ ውርወራ የሚጠብቅ የመስመር ተጫዋች ክንዱን ዘርግቶ መግፋት አይፈቀድለትም ነበር፤ እጁን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ነበር የሚመክተው። ተከላካዩ በአንጻሩ እንደ ዲከን ጆንስ ያሉ ስመ ጥሮች ያዘወተሩትን የጭንቅላት ጥፊ እንደ ልቡ ይጠቀም ነበር። ጥፊው በ1977 ታገደ፤ በ1978 ደግሞ ክንድ መዘርጋትና መዳፍ መክፈት ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ የጥበቃ ትምህርት የመዳፍ ትምህርት ሆኗል፦ አውራ ጣት ወደ ላይ፣ መዳፍ በተጋጣሚው ደረት ላይ፣ ክርን ወደ ጎድን የተጠጋ። እጁ ወደ ውጭ ወጥቶ ትከሻውን ጨብጦ ሰውየውን ካስቀረ 10 ያርድ ያስቀጣል፤ ጥፋቱ በራሱ የጎል ክልል ውስጥ ከተፈጸመ ለተጋጣሚው 2 ነጥብ ያሰጣል።

ደንቡ ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ብዙ ቡድኖች የሚሠሩበትን ከፊል ተንሸራታች ጥበቃ መውሰድ ይበቃል። ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ሴንተሩ ወይም ኳርተርባኩ አንዱን ላይንባከር፣ ማለትም ከመስመር ተከላካዮቹ ጀርባ የሚቆም ተከላካይ፣ በጣቱ ያመለክታል፤ የሁሉም ቆጠራ ከዚያ ሰው ይነሳል። ጥበቃው ወደ ግራ የሚንሸራተት ከሆነ ሴንተሩ፣ ግራ ጋርዱና ግራ ታክሉ የሚጠብቁት ክፍተት ነው፤ እያንዳንዱ በግራው ባለው ክፍተት የመጣውን፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይቀበላል። ቀኝ ጋርዱና ቀኝ ታክሉ ግን ፊት ለፊታቸው ያሉትን ሁለት የመስመር ተከላካዮች ሰው በሰው ይይዛሉ። ራኒንግ ባኩ በቀኝ በኩል የቀሩትን ላይንባከሮች ከውስጥ ጀምሮ ያያል፤ ውስጠኛው ከመጣ እሱን፣ ካልመጣ ውጨኛውን ይገጥማል። ሁለቱም አንድ ላይ ከመጡ ውስጠኛውን ይይዛል፤ ውጨኛው የኳርተርባኩ ነው።

«ከውስጥ ወደ ውጭ» የሚለው ቅደም ተከተል ከመሸምደዱ በፊት ምክንያቱ መነገር አለበት። በውስጥ ክፍተት የገባ ሰው ወደ ኳርተርባኩ አጭሩን መንገድ አግኝቷል፤ የውጨኛው ዞሮ መድረስ አለበት። ኳርተርባኩ ኳሱን የሚለቀው በ3 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ በመሆኑ ያቺ ዙር የምትፈጀው ቅጽበት ውርወራውን ታድናለች። ደግሞም ከዳር የመጣውን ወደ ፊት ራመድ ብሎ ሊያመልጠው ይችላል፤ በመሐል ሰንጥቆ የመጣው ግን የሚራመድበትን ቦታ ይነሳዋል። ይህን የተረዳ ተጫዋች አይቶት የማያውቅ አሰላለፍ ሲገጥመው እንኳ ውስጡን ዘግቶ ይጠብቃል። ሥዕሉን ብቻ ያጠና ግን ሥዕሉ ሲቀየር የሚያደርገው ይጠፋዋል።

የኒው ዮርክ ጃያንትስ ላይንባከር ሎረንስ ቴይለር በ1981 ሊጉን ሲቀላቀል ብዙዎቹን ደንቦች አፈረሰ። ላይንባከርን መመከት በልማድ የራኒንግ ባክ ሥራ ነበር፤ ቴይለርን ግን ባክ አይችለውም። ጃንዋሪ 3 ቀን 1982 በሳን ፍራንሲስኮው ካንድልስቲክ ፓርክ በተደረገው የጥሎ ማለፍ ግጥሚያ የሳን ፍራንሲስኮ አሰልጣኝ ቢል ዎልሽ ሥራውን ለግራ ጋርዱ ለጆን ኤየርስ ሰጠው። ኤየርስ ወደ ኋላ ተራምዶ ቴይለርን ይገጥመዋል። ሳን ፍራንሲስኮ 38 ለ 24 አሸነፈ። ዎልሽ ለዚህ አዲስ ሰው አላመጣም፤ በእጁ ያለውን ጋርድ በሌላ ደንብ አሠራው። ጥበቃ ሲፈርስ ምን እንደሚከተል ደግሞ ኖቬምበር 18 ቀን 1985 በዋሽንግተኑ አርኤፍኬ ስታዲየም መላ አገሩ በቴሌቪዥን አየው፤ ቴይለር የዋሽንግተኑን ኳርተርባክ የጆ ታይዝማንን እግር ሰበረ፣ እሱም ዳግመኛ አልተጫወተም።

ደንብ የሚፈተነው ግን ተከላካዮች ቦታ ሲለዋወጡ ነው። የውስጠኛው ተከላካይ በድንገት ወደ ውጭ ተወርውሮ ታክሉን ይገጫል፤ ዳር የነበረው ከጀርባው ዞሮ በጋርዱና በሴንተሩ በኩል ይገባል። ጋርዱ የያዘውን ሰው ተከትሎ ከሄደ በሩን ከፍቶ ሰጠ ማለት ነው። ማድረግ ያለበት ሰውየውን እስከ ታክሉ እየገፋ ዓይኑን ወደ ዳር መላክ ነው። ታክሉ በበኩሉ ሰውየው በሁለት መዳፉ ሥር እስኪገባ ይጠብቃል። ሸክም ሲቀባበሉ አንዱ ሳይጨብጥ ሌላው እንደማይለቅ ሁሉ፣ ጋርዱ የታክሉ እጅ መድረሱን በሰውየው ትከሻ መዞር ካላወቀ አይለቅም። ይህ የሚሠራው ሁለቱ እኩል ጥልቀት ላይ ከቆሙ ብቻ ነው። ጋርዱ ፊት ለፊት ቀርቶ ታክሉ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ከሄደ በመካከላቸው የሚፈጠረው ሰያፍ ቀዳዳ የትኛውንም ጉልበት ዋጋ ያሳጣዋል። ስለዚህ እርምጃን ለየብቻ ማለማመድ ብቻውን አይበቃም። ጎን ለጎን የሚሰለፉ ሁለት ሰዎች የጋራ ጥልቀታቸውን አብረው መማር አለባቸው።

ጩኸት ሌላው ፈተና ነው። በባላንጣ ስታዲየም ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ጋርዱ ወደ ኋላ ዞሮ ኳርተርባኩን ያይና ሴንተሩን መታ ያደርገዋል፣ ሴንተሩም ከተስማሙበት ቆጠራ በኋላ ኳሱን ያነሳል። ከ1998 እስከ 2009 የኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን መስመር ያሠለጠነው ሃዋርድ መድ ይህን ድምፅ አልባ ቆጠራ ካዳበሩት መካከል ስሙ ይጠቀሳል። የጥበቃ ጥሪዎችም በእጅ ምልክት ካልተደገፉ ደንቡ በሰሌዳው ላይ ቀረ ማለት ነው።

የልምምድ ጊዜ ደግሞ አጥሯል። በ2011 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር ባደረጉት ስምምነት ሙሉ መከላከያ ተለብሶ የሚደረግ ልምምድ በመደበኛው የውድድር ዘመን ከ14 እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለተጫዋቾች ጤና ተገቢ ውሳኔ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሰዎች በግጭት መካከል ሰው መቀባበልን የሚማሩባቸው ቀናት ተመናምነዋል። የቀረው መንገድ በዝግታ እየተራመዱ ማጥናትና ቪዲዮ ማየት ነው። በቪዲዮው ክፍል ደግሞ «አንተ ማንን ትይዛለህ?» ከሚለው ይልቅ «ጎንህ ያለው ማንን ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ያጋልጣል፤ የራሱን መልስ የሸመደደ ተጫዋች እዚህ ላይ ይደናቀፋል።

ደንብ ሰውን እንደማይተካ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 በሱፐር ቦውል ታይቷል። የቺፍስ ሁለቱም መደበኛ ታክሎች፣ ኤሪክ ፊሸርና ሚቸል ሽዋርትዝ፣ በጉዳት ቀርተው ነበር፤ ታምፓ ቤይ የቺፍስን ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስን 29 ጊዜ አስጨንቆ 31 ለ 9 አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ማይላታ ዋንጫ ባነሳበት ቀን የኢግልስ ተከላካዮች ማሆምስን ስድስት ጊዜ ሲጥሉት ብሊትዝ፣ ማለትም ከአራቱ በላይ ተጨማሪ ሰው መላክ፣ ማብዛት አላስፈለጋቸውም፤ ከፊት የተሰለፉት አራቱ በቂ ነበሩ። በሁለቱም ቀናት የቺፍስ መስመር የተሸነፈው በቁጥር ሳይበለጥ ነው። ለዚህ ነው የልምምዱ ትልቁ ድርሻ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሚገጥም እንግዳ ብሊትዝ ሳይሆን፣ በየግጥሚያው ደጋግሞ ለሚመጣው የአራት ሰው ጥቃትና የቦታ መለዋወጥ ሊሰጥ የሚገባው፤ እሱም በየጥንዱ፣ ጋርድ ከታክሉ፣ ሴንተር ከጋርዱ ጋር ተጣምሮ፣ ከመጀመሪያው የልምምድ ሳምንት አንሥቶ።