የመንገድ ሒሳብ የያዘ ሰው

ሃሪ ትሩማን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲሆን ዕድሜው 60 ነበር። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ ከጓደኛው ጋር የከፈተው የልብስ ሱቅም ከስሮ ተዘግቷል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው አገር መምራትን ከየት ተማረ?

በ1922 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በሚዙሪ ግዛት የጃክሰን ካውንቲ ዳኛ ሆኖ ተመረጠ። ስሙ ዳኛ ይባል እንጂ ሥራው ችሎት አልነበረም፤ መንገድ፣ በጀትና የሕዝብ ሕንጻ ማስተዳደር ነበር። በ1924 ተሸነፈ። በ1926 ግን ዋና ዳኛ ሆኖ ተመልሶ ለስምንት ዓመት ሠራ። የካውንቲው መንገዶች የተበላሹ ስለነበሩ፣ በመሐንዲሶች ካስጠና በኋላ ሕዝቡን ብድር ጠየቀ። በ1928 መራጮች ለመንገድ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ፈቀዱ። ትሩማንም ሥራውን ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ተቋራጭ ይሰጥ ጀመር።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። ለሹመት ያበቃው የካንሳስ ሲቲው የፖለቲካ አለቃ ቶም ፔንደርጋስት ነበር፤ ይህ ሰው በኋላ፣ በ1939፣ በግብር ማጭበርበር ታስሯል። የአለቃው ወዳጆች ከመንገዱ ገንዘብ ድርሻ ይፈልጉ ነበር። ትሩማን ለራሱ አልወሰደም። ሆኖም ትልቁን ሥራ ለማዳን ሲል አንዳንድ ብክነት እያየ ማለፉ ሕሊናውን እንዳስጨነቀው ለግሉ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ይታያል። ሥልጣን የሚፈተነው በትልቅ ወንበር ላይ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

በ1935 ሴኔት ገባ። በ1941 አሜሪካ ለጦርነት ስትዘጋጅ፣ በራሱ መኪና እየዞረ የጦር ሰፈር ግንባታዎችን ተመለከተ። ሥራ ፈትተው የቆሙ ሠራተኞችንና በከንቱ የሚበላሽ ዕቃ አየ። መንገድ ያሠራ ሰው ስለሆነ ተቋራጭ የት ላይ እንደሚያታልል ያውቃል። ሴኔቱ በ15,000 ዶላር በጀት አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ ሰብሳቢ አደረገው። ኮሚቴው ከፍተኛ ገንዘብ ከብክነት አዳነ፤ የትሩማንም ስም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። በ1944 ሩዝቬልት ለምክትል ፕሬዚዳንትነት አብሮት እንዲወዳደር የታጨው ይህን ስም ይዞ ነው።

ምክትል ሆኖ 82 ቀን እንደ ሠራ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ሩዝቬልት ሞተ። ትሩማን እስከዚያ ቀን ድረስ የአቶሚክ ቦምብ እየተሠራ መሆኑ አልተነገረውም ነበር። በ1943 ኮሚቴው በምስጢር ስለሚወጣው ብዙ ገንዘብ ሲጠይቅ የጦር ሚኒስትሩ ስቲምሰን እንዲተወው ለምኖት ትቶታል። አሁን ግን ያ ምስጢር የእርሱ ውሳኔ ሆነ። ቦምቡ በነሐሴ ወር በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ ወደቀ፤ ስለ ውሳኔው ዛሬም ድረስ ይከራከራሉ።

ስለዚህ የቀድሞ ሹመት ሁሉን አያስተምርም። የካውንቲ መንገድ ስለ አቶሚክ አያስተምርም። የሚያስተምረው ሒሳብ መጠየቅን፣ ባለሙያ መስማትን፣ ከተሸነፉ በኋላ መመለስን ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ የሚሄደው ግን በቅርፊቱ ውስጥ ሳለ ሕይወት ካለው ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ዛሬ የኅብረታችሁን ገንዘብ የምትይዙ፣ ቃለ ጉባኤ የምትጽፉ፣ ወንበር የምትደረድሩ፣ ነገ ከፍ ወዳለ ቦታ ስትጠሩ ይዛችሁ የምትሄዱት ይህንኑ የዛሬውን ልማድ ነው። ደረሰኙን አሁን በትክክል ጻፉት።