ሌሊቱ የማን ነው?

ስሙኝማ! ከአክስቴ ጋር ዱባይ ሄደን የሆነውን ላጫውታችሁ።

አክስቴ የመርካቶ ነጋዴ ናቸው። ለገና ገበያ የልጆች ልብስ ሊያመጡ ተነሡና፣ «አንተ ልጅ፣ ስልኩን ታውቅበት የለ፤ ትኬቱንም ሆቴሉንም ያዝልኝ፤ አብረኸኝም ትሄዳለህ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ተምሬ የለ! ትኬቱን ቆረጥኩ። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ከቦሌ ይነሣል፤ ዱባይ የሚገባው «ዓርብ፣ ዲሴምበር 12» ይላል። ሆቴሉንም ዴራ ሰፈር ከዓርብ፣ ዲሴምበር 12 ጀምሬ 3 ሌሊት ያዝኩ። ቀኑ ከቀኑ ገጠመ። ከዚህ በላይ ጥንቃቄ የት አለ?

በረራው 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ የዱባይ ሰዓት ደግሞ ከእኛ በ1 ሰዓት ይቀድማል። ስናርፍ በእነሱ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሆኗል። ፓስፖርት አስመትተን፣ ሻንጣ ጠብቀን፣ በታክሲ ሆቴሉ ስንደርስ 8 ተኩል።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ወጣት ስሜን ኮምፒውተሩ ላይ አገኘው። እፎይ አልኩ። ቀጥሎ የተናገረውን ለአክስቴ ተረጎምኩላቸው፤ «ክፍሉ ከ8 ሰዓት በፊት አይሰጥም ይላል።»

አክስቴ ቀና ብለው የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «ታዲያ 8 ተኩል አይደል እንዴ? ግማሽ ሰዓት አሳልፈናል እኮ!»

«የቀኑን 8 ሰዓት ነው፣ አክስቴ።»

ሻንጣቸው ላይ ቁጭ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጅ ቀኑን የሚለውጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ትኬቱም እሱን ይከተላል። ሆቴል ግን የሚቆጥረው አዳር ነው። የሐሙስ ክፍል የሚባለው ከሐሙስ ቀትር በኋላ ተጠርጎ ተሰጥቶ ዓርብ እኩለ ቀን ገደማ የሚለቀቀው ነው። እኛ የደረስንበት ሌሊት በትኬቱ የዓርብ፣ በሆቴሉ የሐሙስ ሆነና እኔ እሱን ሳልይዘው ቀረሁ።

«ባዶ ክፍል አለ፤ የሐሙስን ሌሊት ግን ትከፍላላችሁ» አለ ወጣቱ። ይሄኔ አክስቴ ተነሡ። ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አሳርፈው፣ እኔን አስተርጓሚ አድርገው፣ «ሌሊቱ ተጋምሷል፤ ግማሹን ውሰድ» አሉት። ወጣቱ ለአለቃው ደወለ። አለቃው እሺ አለ። በላዩ የቱሪዝም ድርሃም የሚሉት አለ፤ ዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በየክፍሉና በየሌሊቱ እንደ ሆቴሉ ደረጃ ከ7 እስከ 20 ድርሃም ታስከፍላለች። አክስቴ እሱን አልተከራከሩም፤ «ከመንግሥት ጋር ዋጋ አይወረድም» ብለው ቆጥረው ሰጡ።

አሳንሰሩ ውስጥ ዞር ብለው አዩኝ።

«ለመሆኑ ምን ቀን እንገባለን ብለህ ነው?»

«ዓርብ ነዋ! ትኬቱ ላይ...»

«ዓርብ የት ነግቶ? ለዓርብ አጥቢያ እኮ ነው! የምናድረው ሐሙስ ማታ ነው። እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

አፌን ያዝኩ። ለካ የዱባዩ ሆቴል የሚቆጥረው እንደ አክስቴ ኖሯል!

በቀጣዩ ጉዞ ከሐሙስ ጀምሬ ያዝኩ። ማታ ያልመጣ እንግዳ ቀረ ተብሎ ክፍሉ ለሌላ ሊሰጥበት ስለሚችል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንደምንደርስም ለሆቴሉ ጻፍኩ። ክፍያውን ከመጫኔ በፊት ግን መጀመሪያ መርካቶ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ ይሄ ሌሊት የማን ነው?»