ላብ የማይጠጣ ልብስ

ስለ አለባበስ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ጥበቡ፣ ጥለቱና ጌጡ ነው። እኔ ዛሬ ላወሳ የወደድኩት ግን ጥበብም ጥለትም ሳይኖረው የወላጆቻችንን ትውልድ ስላለበሰ ጨርቅ ነው፤ ስለ ናይለንና ስለ ፖሊስተር። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ማስቀመጤን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። የዚያ ዘመን ልብስ ዳግም ተፈላጊ ሆኗል። ሰፊ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ቤልቦተም ሱሪ፣ አበባ የበዛበት ቀሚስ ከሳጥን ግርጌ፣ ከልባሽ ጨርቅ ክምር፣ ከውጭ አገር ከመጣ ዘመድ ሻንጣ እየወጣ ይለበሳል። ማማሩን አልክድም። ከዚያ ዘመን ከውበቱ ጋር አብሮ የመጣ ሌላም ነገር ስላለ ግን እሱን ማንሳት ተገቢ መሰለኝ።

ናይለን የተወለደው በ1935 በአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ነው። የፈጠረው ኬሚስት ዋላስ ካሮዘርስ በ1937 በገዛ እጁ ስለሞተ፣ በግንቦት 1940 የአሜሪካ ሴቶች ለናይለን ካልሲ ሲሻሙ ለማየት አልታደለም። ፖሊስተር ደግሞ በ1941 በእንግሊዛውያኑ ዊንፊልድና ዲክሰን እጅ ተሠራ። እንግሊዞች ቴሪሊን፣ አሜሪካኖች ዳክሮን፣ ጃፓኖች ቴትሮን እያሉ ሸጡት። በእኛ ቤት ሲነገር እየሰማሁ ያደግሁት የጃፓኖቹን ስም ነው፤ «የቴትሮን ሱሪ» ሲባል በጆሮዬ ውስጥ የክብር ድምፅ ነበረው።

ክብሩም ያለ ነገር አልነበረም። ካውያ አይፈልግም፣ አይጨማደድም፣ ብል አይበላውም። ማታ ታጥቦ ጠዋት ይደርቃል፤ አንድ ሸሚዝ ብቻ ላለው ሰው ይህ ሁለተኛ ሸሚዝ እንደማግኘት ነው። ዛሬ የዚያን ዘመን ሰው «ፕላስቲክ ለበሰ» ብሎ የሚሳለቅ ወጣት ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ነገር ግን ቶሎ የሚደርቀው ውሃ ስለማይጠጣ ነው። ጥጥ በተራ አየር ውስጥ ተቀምጦ ብቻ ከክብደቱ 7 ወይም 8 በመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል። ናይለን 4 በመቶ ገደማ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላብ ወደ ጨርቁ መግባቱ ቀርቶ በገላና በልብስ መካከል ታስሮ ይውላል። በባንክ መስኮት ጀርባ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጥ እንደ እኔ ያለ ሰው ስለዚህ ጉዳይ ምስክር አያስፈልገውም። ሽታውም ተረት አይደለም። በ2014 በቤልጅግ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ሰዎችን ብስክሌት አስነድተው ካናቴራቸውን ቢመረምሩ፣ የፖሊስተሩ ከጥጡ ይበልጥ ይሸት ነበር፤ ሽታ የሚፈጥሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሰው ሠራሹ ክር ላይ ይበልጥ ይመቻቸዋልና። በጨለማ ሹራብ ሲወልቅ ብልጭ ብልጭ የሚለውም የዚሁ ድርቀት ውጤት ነው።

ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። ፖሊስተር የሚቀባበት ቀለም ከክሩ ጋር በኬሚካል አይተሳሰርም፤ በክሩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል እንጂ። ላብና ፍትጊያ ሲያገኘው ጥቂት ጥቂት እየወጣ ወደ ቆዳ ይሸጋገራል። በተለይ አንዳንድ ጥቁር ሰማያዊ ቀለሞች ብብትን፣ አንገትንና ጭንን በማሳከክና በማሽፈር በቆዳ ሐኪሞች ዘንድ ይታወቃሉ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን የእሳቱ ታሪክ ነው። ፖሊስተርና ናይለን እንደ ጥጥ ቶሎ አይቀጣጠሉም፤ ነገር ግን ይቀልጣሉ፤ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል። አሜሪካ በ1971 የሕፃናት የሌሊት ልብስ በቀላሉ እንዳይነድ ደንብ አወጣች። ሐሳቡ በጎ ነበር። ፋብሪካዎች ደንቡን ለማሟላት ብዙውን የፖሊስተር ፒጃማ ትሪስ በተባለ እሳት መከላከያ ኬሚካል ነከሩት። በ1977 አርሊን ብለምና ብሩስ ኤምስ የተባሉ ሳይንቲስቶች ይህ ኬሚካል የሕዋስን የዘር መልእክት የሚያበላሽና ካንሰር ሊያመጣ የሚችል መሆኑን ጻፉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በሕፃናት ልብስ ላይ ታገደ። በቀጣዩ ዓመት በታተመ ጥናት ደግሞ ልብሱን ይለብሱ ከነበሩ 10 ሕፃናት ሽንት ውስጥ የኬሚካሉ ውላጅ ተገኘ፤ ከእነርሱም 8ቱ ይለብሱ የነበረው ብዙ ጊዜ የታጠበ ፒጃማ ነበር። በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ የታገደው ልብስስ የት ደረሰ? ከፊሉ ወደ ሌሎች አገሮች ተላከ፤ ይህ የተከለከለው በ1978 ነው። ለአንዱ ልጅ መርዝ የተባለ ለሌላው ልጅ ሸቀጥ ሊሆን መቻሉን እስከ ዛሬ ልዋጠው አልቻልኩም።

አክስቴ በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ ትማር ነበር። ያኔ ለልጇ የገዛችውን ፒጃማ እንደ ቅርስ አኑራ ኖራ ባለፈው ዓመት ለእህቴ ሕፃን ልታለብሰው አወጣችው። የአንገቱ ጽሑፍ ጠፍቷል።

«እትዬ፣ ይህስ ይቅር» አልኳት።

«ሁለት ልጅ አሳድጌበታለሁ፤ ማን ታመመ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የካንሰር ነገር እንዲህ በአንድ ቤት ልጆች ተቆጥሮ የሚታወቅ አይደለም፤ ፒጃማውም የተነከረ ይሁን አይሁን በዓይን አይለይም። እህቴ ግን ተቀብላ አጥፋ አስቀመጠችው፤ ለሕፃኑ የጥጥ ገዛች። አክስቴ ለአንድ ሳምንት ያህል ተቀይማኝ ነበር።

ለአዋቂ ሰው ነገሩ ቀለል ይላል። የአባቱን ሸሚዝ የወደደ አጥቦ ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ ይልበስ፤ የሚያሳክከው ከሆነ ያውልቀው። የናይለን ቀሚስ የለበሰች ደግሞ በዓመት በዓል ቀን ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላላት፤ ከሰሉ ሲንጣጣ ፍንጣሪው የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነውና።