ካውያ የማይሻው ጥጥ

ጥጥ ውሃ ወዳድ ነው። ላብን ጠጥቶ ገላን የሚያቀዘቅዘውም፣ ታጥቦ ሲደርቅ ተጨማድዶ ካውያ የሚሻውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ጥጥ የተሠራበት ሴሉሎስ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች አሉት፤ ሰንሰለቶቹን ጎን ለጎን የሚያያይዛቸው በተናጠል ሲታይ ደካማ የሆነ የሃይድሮጂን ትስስር ነው። ውሃ ሲገባ ትስስሩ ይላላል፤ ሰንሰለቶቹ ይንሸራተታሉ፤ ጨርቁ ሲደርቅም በተንሸራተቱበት ስፍራ እንደገና ይያያዛሉ። መጨማደድ ማለት ይኸው ነው።

ይህን ጠባይ ለመግራት መንገድ ከጠረጉት መካከል በእንግሊዝ አገር፣ በማንቸስተር የነበረው የቱታል ኩባንያ ተመራማሪዎች ፎልድስ፣ ማርሽና ዉድ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1926 ዩሪያንና ፎርማልዴሃይድን ወደ ክሩ አስርጎ በሙቀት ለሚያጸና ስልት የፈጠራ መብት ጥያቄ አቀረቡ።

ነገሩ ለጥጥ የሞት ሽረት ጉዳይ የሆነው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ታጥበው ሳይተኮሱ የሚለበሱት ናይሎንና ፖሊስተር የጥጥን ገበያ ይሻሙ ጀመር። በዚህ ጊዜ በአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር የኒው ኦርሊንስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራ የነበረችው ኬሚስት ሩት ቤነሪቶ (1916–2013) ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ሰንሰለቶቹን እንደ ድልድይ የሚያገናኙ ውህዶችን መረመረች። በዕድሜዋ 55 የፈጠራ መብቶች ተመዝግበውላታል። መተኮስ የሴት ሥራ ብቻ ተደርጎ በሚታይበት በዚያ ዘመን፣ ይህ ምርምር ለብዙ እናቶች የሰዓታት ዕረፍት ሆነላቸው።

ድልድዩ ግን ዋጋ አስከፍሏል። መንሸራተት የተከለከለ ሰንሰለት ሲወጠር የሚሸሽበት ስፍራ ስለሌለው ይበጠሳል፤ ስለዚህም የማይጨማደደው ሸሚዝ አንገትጌው ላይ ፈጥኖ ያልቃል። ፎርማልዴሃይዱም ከጨርቁ ይተንናል፤ ቤት ውስጥ ከካውያ ላረፈችው ሴት ሲባል በፋብሪካ ልብስ የምትሰፋው ሴት ትነቱን ስትተነፍስ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ2004 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መደበው። ተመራማሪዎች በሎሚ ውስጥ የሚገኘውን ሲትሪክ አሲድን የመሰሉ ምትኮች ቢያገኙም፣ የጨርቁ መድከም ሙሉ በሙሉ መፍትሔ አላገኘም።

ቤነሪቶ የዚህ ግኝት ብቸኛ ባለቤት ተደርጋ መጠራትን አትወድም ነበር፤ ብዙዎች እንደ ደከሙበት ታውቅ ነበርና። እኛም የተዘረጋ ሸሚዛችንን ስንለብስ፣ ስማቸው ያልተጻፈውን ሰፊዎች ከእነዚያ ብዙዎች መካከል ብንቆጥራቸው ተገቢ ነው።