የለጋሽ ዕድሜ በአካል ንቅለ ተከላ

የለጋሽ ዕድሜ፣ የተተከለ አካል ምን ያህል እንደሚያገለግል ለመገመት ከሚታዩ መመዘኛዎች አንዱ ነው። የሰው አካላት እኩል ስለማያረጁ የዕድሜ ገደቡም እንደ አካሉ ይለያያል።

ኩላሊት
እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት፤ የሞተው አይተካም። ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምሮ የማጣራት አቅም በየዓመቱ በደቂቃ 1 ሚሊ ሊትር ያህል ይቀንሳል፤ ደም ሥሮችም ይጠባሉ። ያረጀ ኩላሊት ከሰውነት ወጥቶ በቅዝቃዜ ሲቆይ ይበልጥ ይጎዳል። ዩሮትራንስፕላንት የተባለው የአውሮፓ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ 65 ዓመት የሞላቸውን ለጋሾች ኩላሊት፣ ብዙ ሳያጓጉዝ ለእኩዮቻቸው ይሰጣል።

ጉበትና ልብ
ጉበት ራሱን ስለሚያድስ ከ80 ዓመት በላይ ከሆኑ ለጋሾች ተወስዶም በደንብ ሠርቷል። ልብ ግን ደም ሥሮቹ በስብ ስለሚጠቡ በአመዛኙ ከወጣቶች ይወሰዳል።

የዓይን ብሌን
በብሌኑ የውስጥ ገጽ ያሉት ሴሎች አይባዙም፤ ከጉልምስና በኋላ በዓመት 0.6 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። ቢሆንም የዓይን ባንኮች ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ ስለሚቆጥሩ የአረጋውያንም ብሌን ያገለግላል። በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ ለጋሹ ከ66 ዓመት በታችም ሆነ ከ66 እስከ 75 ቢሆን፣ ከ5 ዓመት በኋላ 86 በመቶው ንቅለ ተከላ ጸንቶ ተገኝቷል። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

በኢትዮጵያ
የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀመረ፤ ኩላሊት የሚለግሰው በሕይወት ያለ የታማሚው ዘመድ ነው። አገር አቀፍ የልደት ምዝገባ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ማብቂያ በመሆኑ፣ ከመተከል ዞን ማንቡክ ዙሪያም ሆነ ከሌላ ገጠር የሚመጣ ጎልማሳ ዕድሜውን በግምት ሊናገር ይችላል። ስለዚህ ከሚነገረው ዕድሜ ይልቅ ምርመራው ይበልጥ ይታመናል፦ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ በደም ውስጥ ያለው ክሬአቲኒን፣ በሽንት የሚወጣ ፕሮቲን፣ የኩላሊቶቹ ሲቲ ስካን።

ወጣትነትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የ25 ዓመት ለጋሽ ኩላሊቱ ብርቱ ቢሆንም፣ ወደፊት ግፊት ወይም ስኳር ይያዘው እንደሆነ የዛሬው ምርመራ አይነግርም፤ የ60 ዓመቱ ጤነኛ ግን አብዛኛውን ፈተና አልፎታል። ሁለቱ ኩላሊቶች በአቅም ከተበላለጡ፣ የተሻለው ለለጋሹ ይቀራል።