የቻጎስ ደሴቶች ሕዝብ መፈናቀልና የባሕሩ ጥብቅ ክልል

በሕንድ ውቅያኖስ መካከል ስለሚገኙት የቻጎስ ደሴቶች የምናቀርበው ይህ ጽሑፍ ከአገራችን ጉዳይ የራቀ ሊመስል ይችላል። የአስመራውን የቃኘው ጣቢያ ታሪክ የሚያስታውስ አንባቢ ግን ግንኙነቱን ለመረዳት አይቸገርም። አሜሪካ በ1953 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ባደረገችው ውል ስትገለገልበት የቆየችው ይህ የመገናኛ ጣቢያ በ1977 ሲዘጋ፣ ለዋሽንግተን ጉዳቱ ቀላል የሆነበት አንዱ ምክንያት በዲዬጎ ጋርሲያ ደሴት ላይ ሌላ ጣቢያ ከ1973 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሎ ስለ ነበር ነው። ስለ ቃኘው መዘጋት በእኛ ዘንድ ብዙ ተብሏል፤ ተተኪው ጣቢያ ያረፈበት ምድር የማን እንደ ነበረ ግን እምብዛም አልተጠየቀም።

ምድሩ ባለቤት ነበረው። በ18ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ፈረንሳውያን ባለርስቶች ከማዳጋስካርና ከሞዛምቢክ በባርነት ያመጧቸው ሰዎች ልጆች፣ ባርነት ከቀረም በኋላ እዚያው ቀርተው፣ የራሳቸውን ክሬዮል ቋንቋ እየተናገሩ፣ ኮኮናት እየለቀሙና ለዘይት የሚሆነውን ፍሬ እያደረቁ ከአምስት ትውልድ በላይ ኖረዋል። የዕለቱን ሥራ ሲጨርሱ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ባሕሩ ጓዳቸው ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንግሊዝ ሞሪሸስን ነጻ ከማውጣቷ በፊት፣ በኅዳር 1965፣ ደሴቶቹን ከሞሪሸስ ነጥላ አዲስ ግዛት አቋቋመች፤ በሚቀጥለው ዓመትም ለአሜሪካ የጦር አገልግሎት እንዲውሉ ተስማማች። ከ1968 እስከ 1973 ባለው ጊዜ ውስጥ ከ1,500 እስከ 2,000 የሚገመተው ሕዝብ በሙሉ ወደ ሞሪሸስና ወደ ሲሼልስ ተጋዘ። ለሕክምና ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ ሞሪሸስ የሄዱት እንዳይመለሱ ተከለከሉ፤ የቀሩት በጭነት መርከብ ተወሰዱ፤ ውሾቻቸው ተሰብስበው ተገደሉ። በተባበሩት መንግሥታት ቻርተር መሠረት ስለ ነዋሪዎቹ መልስ መስጠት እንዳይመጣ የለንደን ሹማምንት ሕዝቡን «በኮንትራት የመጡ የቀን ሠራተኞች» ብለው መመዝገብን መረጡ። ተፈናቃዮቹ በፖርት ሉዊስ ዳርቻ በድህነት ሲኖሩ፣ ብዙዎቹ «ሳግሬን» በሚሉት ሕመም እንደ ሞቱ ይናገራሉ። ቃሉ ሐዘንን፣ ናፍቆትንና ተስፋ መቁረጥን አንድ ላይ ያዘለ ነው፤ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ትርጉሙን ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

የጥብቁ ክልል ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በኅዳር 2000 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማፈናቀሉን ሕገ ወጥ ነው ሲል በየነ፤ መንግሥት በ2004 የመመለስ መብቱን በንግሥቲቱ ትእዛዝ ሻረው፤ በ2008 የእንግሊዝ የመጨረሻው የይግባኝ ችሎት በሦስት ድምፅ ለሁለት ትእዛዙን አጸናው። ሚያዝያ 1 ቀን 2010 ደግሞ 640,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል ባሕር የተፈጥሮ ጥብቅ ክልል ሆኖ ታወጀ፤ የንግድ ዓሣ ማጥመድም ታገደ። በዚያን ጊዜ በዓለም ትልቁ የባሕር ጥብቅ ክልል ነበር። ከ200,000 በላይ ሰዎች ሐሳቡን ደግፈው ፈርመዋል፤ አብዛኞቹ በቅን ልቡና እንደ ፈረሙ አንጠራጠርም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በዊኪሊክስ በኩል ለአደባባይ የበቃ የአሜሪካ ኤምባሲ መልእክት፣ አንድ የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሹም በግንቦት 2009 ለአሜሪካውያን የሰጠውን ማብራሪያ ይዟል፤ ይዘቱም ጥብቁ ክልል የነዋሪዎቹን የመመለስ ጥያቄ በተግባር ያከትመዋል የሚል ነበር። ዓሣ ማጥመድ በተከለከለበት ደሴት ላይ ሰው ምን በልቶ ይኖራል?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። የቻጎስ የዛጎል ድንጋይ ደኖች በሕንድ ውቅያኖስ ካሉት ሁሉ ጤናማ ከሚባሉት ውስጥ ናቸው፤ በ1998 እና በ2015-2016 በባሕሩ መሞቅ ክፉኛ ነጥተው ነበር፤ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋቸው የተፈጥሮ ሊቃውንቱ የሚሉትን አንክድም። ጥያቄያችን «ሰው ያልነካው» የሚለው ቃል ላይ ነው። ባሕሩ ሰው አልባ የሆነው ተፈጥሮ ስለ ፈቀደች ሳይሆን ነዋሪዎቹ በመርከብ ስለ ተጫኑ ነው። በዲዬጎ ጋርሲያ ለአውሮፕላን ማረፊያው መሠረት የሆነው የዛጎል ድንጋይ ከዚያው ባሕር ተቆፍሮ የወጣ ነው፤ ከአዋጁም በኋላ የጦር ሰፈሩ ሰዎች ለመዝናኛ ዓሣ ማጥመዳቸው አልተከለከለም። የተከለከለው የሌላው መንጠቆ ነው። በእኛም አገር፣ በ1969 ፓርክ ሆኖ በታወጀው የሰሜን ተራሮች ውስጥ የግጭ መንደር ሰዎች እስከ 2016 ተነሥተው ማለቃቸውን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ለነጮች ቅኝ ገዢዎች ብቻ የተተወ ጠባይ እንዳልሆነ ይረዳል፤ ምንም እንኳ ምክንያቱና አፈጻጸሙ የተለያየ ቢሆን።

ፍርዱ ከዚያ ወዲህ ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቷል። በመጋቢት 2015 በባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት የተሰየመ የግልግል ጉባኤ፣ እንግሊዝ በ1965 ለሞሪሸስ ስለ ዓሣ ማጥመድ መብት የገባችው ቃል አሳሪ እንደ ነበረና የክልሉ አዋጅ ስምምነቱን እንደ ጣሰ ወሰነ። በ2018 ግን የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦሊቪዬ ባንኩልትን ይግባኝ ውድቅ አደረገ፤ የኤምባሲው መልእክት ማስረጃ ሆኖ ቢቀርብም ውጤቱን አይለውጥም ብሎ። በየካቲት 2019 የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ደሴቶቹ ከሞሪሸስ የተነጠሉት ከሕግ ውጭ ነው የሚል ምክረ ሐሳብ በ13 ድምፅ ለ1 ሰጠ። ግንቦት 22 ቀን 2025 ሁለቱ መንግሥታት በፈረሙት ውል ሉዓላዊነቱ ለሞሪሸስ እንዲመለስ፣ ዲዬጎ ጋርሲያ ግን ለ99 ዓመት በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር እንዲቆይ ተስማሙ። ውሉ ሞሪሸስ በሌሎቹ ደሴቶች ሕዝብ እንድታሰፍር ይፈቅዳል፤ በዲዬጎ ጋርሲያ አይፈቅድም። በድርድሩ ቻጎሳውያን የራሳቸው መቀመጫ አልነበራቸውም። ፊርማው በሚፈረምበት ዕለት ሌሊት በዲዬጎ ጋርሲያ የተወለዱ ሁለት ሴቶች ባቀረቡት አቤቱታ የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለጥቂት ሰዓታት አግዶት ነበር፤ እገዳው ቀትር ሳይደርስ ወይም በቀትር ገደማ ተነሣ፤ ውሉም በዚያው ቀን ተፈረመ።