ሬዲዮ በማን ሒሳብ?

ከአዲስ አበባ ወደ ቡኢ በሚኒባስ የተጓዘ ሁሉ ይህቺን ነገር ያውቃታል። አለም ገና ላይ የሾፌሩ ሬዲዮ ኩልል ብሎ ይሰማል። መንገዱ መልካ ቁንጡሬ ጋ ወደ አዋሽ ሲወርድ ሻ... ሻ... ማለት ይጀምራል። ዳገቱን ስትወጡ ተመልሶ ይመጣል፤ ጢያን አልፋችሁ ቡኢ ስትገቡ እንግዲህ እንደ ዕድላችሁ ነው። ባለፈው ስሄድ ሬዲዮው ስለ አፓርታማ እያወራ ነበር። ባለ ሁለት መኝታ፣ ባለ ሦስት መኝታ፣ በረጅም ጊዜ ክፍያ... ብሎ ድርግም። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ፣ አዞረ፣ ተስፋ ቆረጠና "ተዉት፣ ድሮም እኛን አልነበረም" አለ። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን አባባሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ምክንያቱም ሾፌሩ ሳያስበው የንግድ ሬዲዮን የመቶ ዓመት ታሪክ በአራት ቃል ጨርሶት ነበር። የሚገርመው ደግሞ በዓለም የመጀመሪያው ነው የሚባለው በክፍያ የተላለፈ የሬዲዮ ማስታወቂያም የአፓርታማ ማስታወቂያ መሆኑ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1920 ፒትስበርግ ላይ ኬዲኬኤ የሚባለው ጣቢያ የአሜሪካን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በሬዲዮ አሰማ። የጣቢያው ባለቤት ዌስቲንግሃውስ ነበር። ዌስቲንግሃውስ ዜና አይነግድም፤ ሥራው የሬዲዮ መቀበያ ሠርቶ መሸጥ ነው። ሰው ዕቃውን እንዲገዛ የሚሰማ ነገር መኖር አለበት፤ ስለዚህ የሚሰማውን በነፃ ሰጠ። ድስት ለመሸጥ ሽሮ በነፃ እንደማደል በሉት።

ችግሩ ሁሉም ቤት አንዴ ድስት ከገዛ በኋላ ለሽሮው ማን ይከፍላል የሚለው ነው። መልሱን ያመጣው የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ነበር፣ ያመጣውም በስልክ ሰው ጭንቅላት ነው። ስልክ ደዋይ ይከፍላል፣ ተደዋይ አይከፍልም። ታዲያ ሬዲዮስ ለምን እንደዚያ አይሆንም? ኩባንያው ኒውዮርክ ላይ ዊኢኤኤፍ የሚባል ጣቢያ ከፈተና የሚናገር ሰው ካለ ይምጣና ሰዓት ይከራይ አለ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1922 ክዊንስቦሮ የሚባል የቤት ሻጭ ድርጅት ሃምሳ ዶላር ከፍሎ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረ። የሚሸጠው ጃክሰን ሃይትስ የሚባል ሰፈር ውስጥ የሠራቸውን አፓርታማዎች ነበር። ተናጋሪው ዋጋ አልጠራም፣ "ኑ ግዙ" ብሎም አልጮኸም። ሕንፃዎቹ ስለተሰየሙበት ደራሲ ስለ ሆቶርን አወራ፣ ከከተማው ጭንቅንቅ ወጥቶ አረንጓዴ ቦታ ላይ ስለመኖር አወራ። ዛሬ አያት ወይም ለገጣፎ ስላለ ቤት የምንሰማውን ማስታወቂያ አስታውሱና ንገሩኝ፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ምን ተለወጠ?

በዚያው ዓመት የንግድ ሚኒስትሩ ኸርበርት ሁቨር ይህን የመሰለ ታላቅ የአገልግሎት ዕድል በማስታወቂያ ወሬ እንዲሰጥም መተው የማይታሰብ ነው ብለው ነበር። ሰጠመ። እ.ኤ.አ. በ1926 ኤንቢሲ፣ በዓመቱ ደግሞ ሲቢኤስ የሚሆነው ኩባንያ ተመሠረቱ፤ ነጋዴም ሰዓት መግዛቱ አልበቃ ብሎት ፕሮግራሙን ራሱ መሥራት ጀመረ። ሳሙና ፋብሪካው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በ1933 "ማ ፐርኪንስ" የተባለውን ተከታታይ ድራማ የልብስ ሳሙናውን እንዲሸጥለት አቀረበ። በቀን ለቤት እመቤቶች የሚቀርቡት ድራማዎች "የሳሙና ድራማ" የሚል ስም ያወጡት ከዚህ ነው። እንግሊዞች በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ በየዓመቱ ፈቃድ ያውጣና ቢቢሲ በዚያ ይኑር አሉ።

አሜሪካም ውስጥ ቢሆን ነገሩ ያለ ጠብ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1934 የመገናኛ ሕጉ ሲወጣ ሁለት ሴናተሮች፣ ዋግነርና ሃትፊልድ፣ ከአየር ሞገዱ ሩቡ ትርፍ ለማይሠሩ ጣቢያዎች ይጠበቅ ብለው ነበር። ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለገበሬ ማኅበር ማለት ነው። ሐሳቡ ሴኔት ውስጥ ወደቀ። ይህቺን ሩብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1935 መስከረም፣ እነዚሁ የአሜሪካ የንግድ ጣቢያዎች አንድ እንግዳ ድምፅ አስተላለፉ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን ልትወረን ነው ብለው ለአሜሪካ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ተናገሩ። ድምፃቸው የወጣው በአቃቂ ጣቢያ በኩል ነው፤ ጣቢያው በዚያው ዓመት፣ በእኛ 1927 ዓ.ም ነው የተመረቀው። የሠራው የጣሊያን ኩባንያ መሆኑን ስታነቡ ፈገግ ማለት ይፈቀዳል።

እንግዲህ የኛ ሬዲዮ የተወለደው በመንግሥት ሒሳብ ነው። ለማኅበራዊ ጨዋታ ሳይሆን ለአገር ጉዳይ። በ1928 በወረራው ተቋረጠ፣ ከ1933 ነፃነት በኋላ ተመለሰ፣ ከዚያም ለብዙ አሥርት ዓመታት የመንግሥት ድምፅ ሆኖ ኖረ። አንዳንዴ ታላቅ ነገር ይሠራ ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ያነበበልን ሬዲዮ እኮ ይኸው ሬዲዮ ነው። ያንን ትረካ ስፖንሰር ያደረገ የለም።

ሁለተኛው ከፋይ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም ከአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ሁለት ባለ 100 ኪሎዋት አጭር ሞገድ ማሠራጫ ነበረው፤ በዚያ ዘመን በአፍሪካ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ስሙ የወንጌል ይሁን እንጂ ከስርጭቱ ሰባ በመቶው ዜና፣ ትምህርትና ሙዚቃ ነበር፣ ስብከቱ ሠላሳ በመቶ። ያንን ሁሉ የሚከፍለው ጀርመንና ስዊድን እሁድ እሁድ ሙዳይ ውስጥ ሳንቲም የሚጥል ምዕመን ነበር ማለት ነው። በመጋቢት 1969 ደርግ ወረሰውና "የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ" አለው። ማሠራጫው ያው፣ ስቱዲዮው ያው፣ ሒሳቡ ብቻ ተቀየረ። ሒሳቡ ሲቀየር ደግሞ የሚባለውም ተቀየረ።

በደርግ ጊዜ የንግድ ሬዲዮ የሚባል ነገር ማሰብም ከባድ ነው። ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ትላልቆቹ ፋብሪካዎች በ1967 ተወርሰዋል። ሳሙናው አንድ ዓይነት፣ ቀበሌ ሱቁ አንድ፣ ወረፋው አንድ። "የኛን ሳሙና ግዙ" የሚል ማን ነው፣ ለማንስ?

ሦስተኛው ከፋይ፣ ነጋዴው፣ የመጣው በእኛ ዘመን ነው። የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 178/1991 የግል ጣቢያ ይፈቀዳል አለ። ጣቢያ ግን አልመጣም። የመጣው በ1992 ዓ.ም የመንግሥት የሆነው ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ነው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያ ኤፍ ኤም። እና እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። 97.1 ሁሉንም ፕሮግራም ራሱ አልሠራም፤ የአየር ሰዓት ለውጭ አዘጋጆች ሸጠ። አዘጋጁ ሰዓቱን ይገዛል፣ ስፖንሰር ፈልጎ ያመጣል፣ ከተረፈው ይኖራል። ማንም ከኒውዮርክ የቀዳው አይመስለኝም፣ ግን ነገሩ ያው የ1922ቱ ዊኢኤኤፍ ነው፦ ሰዓት የሚያከራይ ጣቢያ።

የዘመኑ ልጆች ያደግነው በዚህ ኪራይ ነው። "ሸገር" መጀመሪያ የጣቢያ ስም አልነበረም፤ መዓዛ ብሩና ተፈሪ ዓለሙ 97.1 ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያቀርቡት ጨዋታ ስም ነበር። ሬዲዮ እንደ መግለጫ ሳይሆን እንደ ሰው ማውራት ይችላል የሚለውን ብዙዎቻችን የተማርነው እዚያ ነው። ሸገር 102.1 የግል ጣቢያ ሆኖ አየር ላይ የወጣው በ2000 ዓ.ም ነው። ዛሚ 90.7 እና አፍሮ 105.3 ብዙም ሳይቆዩ ተከተሉ። ከአዋጁ እስከ መጀመሪያው የግል ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ሚሊኒየሙን ጠብቀው ነው የፈቀዱልን እያልን የምንቀልድ ነበርን።

በዚህ መሐል አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ከ1994 እስከ ኅዳር 1997 "የቀን ቅኝት" የሚባል ተከታታይ ድራማ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ተላለፈ፣ 257 ክፍል። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለ ድርጅት ነው፤ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምር። አሠራሩ የሳሙና ድራማ ነው፣ ሳሙናው ግን የለም። እናቶቻችን ሥራ አቁመው ይሰሙት ነበር። አንዳንዴ ሳስበው አራተኛ ከፋይ ነበር፣ ዕርዳታ ሰጪው፣ እሱም እንደ ሌሎቹ የሚፈልገውን አስነግሯል። ጥሩ ነገር ስለሆነ ብቻ ስፖንሰር አይደለም አንልም።

የግሎቹ ጣቢያዎች መጀመሪያ የኖሩት በብዙ ዓይነት ገንዘብ ነው፣ እየቆየ ግን በቢራ ሆነ። የ2000ዎቹን የቢራ ጦርነት ታስታውሳላችሁ። ሄኒከን በደሌንና ሐረርን ገዛ፣ ዲያጆ ሜታ አቦን ገዛ፣ ዋሊያ መጣ፣ ሐበሻ መጣ። የኛም ሰፈር አልቀረችም፦ ከወልቂጤ አጠገብ ጉብሬ ላይ በ2009 ዓ.ም ዘቢዳር ቢራ ተከፈተ፣ የጉራጌን ተራራ ስም ይዞ። ኳስ በቢራ፣ ሙዚቃ በቢራ፣ የበዓል ፕሮግራም በቢራ። ከዚያ በ2011 የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣና የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተከለከለ። እኔ ሕጉን አልቃወምም፤ ልጆች የቢራ ዘፈን በቃላቸው ይዘው ሲያዜሙ ሰምቼ አፍሬያለሁ። ነገር ግን በአንድ አዋጅ የስንት ፕሮግራም ወገብ እንደተሰበረ ጣቢያዎቹ በግልጽ ተናግረዋል። ቢራው ሲወጣ የስፖርት ፕሮግራሞች በር ላይ የቆመው ደግሞ የውርርድ ድርጅት ነበር። ልውውጡ ያስደሰተው ሰው አላጋጠመኝም።

አሁን ወደ ቡኢ እንመለስ። የንግድ ሬዲዮ ሞገድ የሚቆመው ተራራ ስለከለለው ብቻ አይደለም። የሸገር ፈቃድ ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ የተሰጠ ነው፣ ይህ አንድ ነገር ነው። ግን ዋናው፣ አፓርታማ ሻጩ ቡኢ ላይ ለሚሰማው ሰው አንድ ሳንቲም አይጨምርም። በክስታንኛ ማስታወቂያ እስካሁን ሰምቼ አላውቅም። በአካባቢው ቋንቋ የሚናገር ሬዲዮ ሲመጣ የመጣው በመንግሥት በጀት ነው፤ የደቡብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ወልቂጤ ላይ የኤፍ ኤም ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። የበጀት ሬዲዮ ምን ሊናገር እንደሚችልና ምን እንደማይችል ደግሞ ከ1969 ጀምሮ እናውቀዋለን።

ነገሩን የሚያናድደኝ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ሳስብ ነው። መርካቶን የሞላው ነጋዴ ማነው? አባቶቻችን ከሶዶ፣ ከመስቃን፣ ከቸሃ ወጥተው ነው ያንን ገበያ የገነቡት። ዛሬ ሬዲዮ ላይ ስለ ቆርኪ ቤቱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ፈርኒቸሩ የሚነገርበት ብር ውስጥ የነሱ ላብ አለ። ሒሳቡን ከፋዮች ነን፣ ቋንቋው ግን አየር ላይ የለም። ነጋዴው ጥፋተኛ ነው አልልም፤ ነጋዴ ገበያ ወዳለበት ይናገራል፣ ዊኢኤኤፍም ላይ የሆነው ያው ነው።

ግን ሌላም የሚታወቅ ነገር አለ። ያ ሚኒባስ የሚሮጥበት መንገድ ራሱ እንዴት እንደተሠራ ጠይቁ። በ1950ዎቹ የአለም ገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ፣ ጄኔራል ወልደሥላሴ በረካን የመሰሉ ሰዎች እየመሩት፣ የክስታኔ ሰው ከአዲስ አበባም ከገጠርም አዋጥቶ ነው መንግሥትን ያንቀሳቀሰው። መንገዱ ለማንም ነጋዴ አያዋጣም ነበር፤ ማስታወቂያ አልተለጠፈበትም። ይህ አምስተኛ ሒሳብ ነው። የዋግነርና የሃትፊልድ ሩብ ማለት ይኸው ነበር፣ አሜሪካ ላይ የወደቀችው። እኛ ዘንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ የሚል ፈቃድ በ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 533 ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሕጉ በር ከፍቷል። አንድ መቶ ኪሎዋት አያስፈልግም፣ ከቡኢ እስከ ጢያ የምትሰማ ትንሽ ማሠራጫ ትበቃለች። መንገድ ከሠራ ማኅበር ጋር ስናወዳድረው ወጪው ቀልድ ነው።

ይህንን ለሾፌሩ ልነግረው ፈልጌ ነበር። እሱ ግን ሬዲዮውን ትቶ ፍላሽ ሰክቷል፤ የድሮ የክስታንኛ ዘፈን ነው፣ ከኋላ ያሉት እናት ግጥሙን ቀድመው እያዜሙለት።